«ማስወጫ» ወይስ «መተንፈሻ»? በአንድ የትርጉም ረቂቅ ላይ የቀረበ ሂስ

ከልዩ ልዩ መኪናዎች ክፍሎች ተለቅመው በእጅ ለሚገጣጠሙ መኪናዎች የነዳጁ ክፍል እንዴት እንደሚዘረጋ የሚያስረዳ የትርጉም ረቂቅ ለአስተያየት ደርሶን ተመልክተነዋል። ተርጓሚው እንደ ደከሙበት በየገጹ ይታያል። ሆኖም ረቂቁን ጎንደር ውስጥ ከቁስቋም ደብር ቁልቁል በሚገኝ ጋራዥ ለባለሙያዎች ስናነብላቸው፣ ከስያሜዎቹ አንዳንዶቹ የሚያስቁ፣ አንዱ ግን የሚያሰጋ ሆኖ አገኘነው።

ከሚያስቀው እንጀምር። ከአየር ጋር የሚቀላቀለው ቤንዚን ከመጠን ሲያልፍ ረቂቁ «ሀብታም ድብልቅ»፣ ሲያንስ «ድኻ ድብልቅ» ይለዋል። ይህ የእንግሊዝኛው ጥላ ነው። በአማርኛ ሽሮም ሆነ ጠላ ይወፍራል፣ ይቀጥናል እንጂ አይበለጽግም። የጋራዡ ሰዎች «ቤንዚን በዛበት»፣ «አየር በዛበት» ይላሉ። ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው መተማ የተስተካከለ ካርቡራቶር ከ2,000 ሜትር በላይ ወደሆነችው ጎንደር ሲወጣ፣ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጢሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ደባርቅ ሲደርስማ ይብስበታል። «ሀብታም» የሚለው ቃል ለዚህ ሕመም ምን ፍንጭ ይሰጣል?

ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ሰልባትዮ፣ ሚኒሞ የመሳሰሉት የጣልያንኛ ቃላት በጋራዥ ቋንቋ ሥር ሰደዋል። ረቂቁ ሁሉንም ነቅሎ ሊተካ ይሞክራል። ሰልባትዮን «ማኅደረ ነዳጅ» ማለቱን አንጠላውም። ሚኒሞን «ሥራ ፈት ዙር» ማለቱ ግን መኪናው ቆሞ ሞተሩ ዝግ ብሎ ሲዞርም ሥራ ላይ መሆኑን የዘነጋ ነው። የራሳችን የቃል አመሠራረት አቅም እንደማያንሰው «ነዳጅ» ራሱ ይመሰክራል፤ «ወለደ» «ወላጅ»ን እንደሰጠ ሁሉ «ነደደ» በዚያው ስልት «ነዳጅ»ን ሰጥቷል፤ ማንም እንግዳ ቃል አይለውም።

የሚያሰጋው «አየር ማስወጫ» ነው። በሰልባትዮው አናት ላይ ያለችው ቀጭን ቱቦ ዋና ሥራዋ ማስገባት ነው። ቤንዚኑ በፖምፓ ተስቦ ሲጎድል በምትኩ አየር ካልገባ በውስጡ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ ፖምፓው መሳብ ያቅተዋል፤ መኪናው ጥቂት ተጉዞ ይጠፋል። ክዳኑ ሲከፈት አየር እያፏጨ ይገባና ሞተሩ እንደገና ይነሣል። ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ተኑ የሚወጣው በዚያችው ቱቦ ነው። የፋብሪካ መኪና ይህን አሟልቶ ይመጣል፤ በእጅ የሚሠራው ግን ከሠሪው ሌላ የሚያስብለት የለም፤ ሠሪውም የሚመራው በቃሉ ነው። «ማስወጫ» የሚለውን አንብቦ ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት ቫልቭ ቢገጥም ቃሉን ማክበሩ ነው። በዚያ ላይ «ማስወጫ» ለጢስ የተያዘ ቃል ነው፤ የቤንዚን ተንና የጋለ የጢስ ማስወጫ በመኪናው ላይ መራራቅ ሲኖርባቸው በስም ማጎራበት ምን አመጣው?

ጋራዡ «መተንፈሻ» ይላታል። ትንፋሽ ይገባል፣ ይወጣል፤ ከዚህ የተሻለ ስያሜ አልታየንም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ከዚያ በፊትም ቢሆን አዳዲሶቹ ሞተሮች ካርቡራቶርን ትተውታል። ስለዚህ እነዚህን ቃላት በእጃቸው የሚያውቁ ሰዎች እየቀነሱ መሄዳቸው አይቀርም። ረቂቁ ሲታረም በየስያሜው ጎን የጋራዡ ቃል እንዲሰፍር፣ «አየር ማስወጫ» ግን በየገባበት ገጽ እንዲፋቅ እንጠይቃለን።