ጀግና ክፉ ረዳቱን ይመን ወይስ ዋስ ይጥራ?

ባቲ በወሎ ደጋና በአፋር ቆላ መካከል ያለች ከተማ ስትሆን የሰኞ ገበያዋ በሰፊው የታወቀ ነው። በዚሁ ገበያ አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ተገናኝተው ግመሉን፣ ፍየሉንና እህሉን ይገበያያሉ። እንዲህ ባለ ገበያ የማይታወቅ ሰው በሬ ይዞ ቢቀርብ፣ አስተዋይ ገዢ «ይህ ሰው ደግ ነውን?» ብሎ አይመራመርም፤ «ዋስህ ማነው?» ይለዋል እንጂ። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ ወደ አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ወስደን እንመረምራለን።

«ሱፐርናቹራል» የተባለው የአሜሪካ ድራማ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2020 ድረስ በ15 ምዕራፎች ታይቷል። ታሪኩም አጋንንትን እያሳደዱ ስለሚገድሉት ሁለት ወንድማማቾች፣ ስለ ሳምና ዲን ዊንቸስተር ነው። በመጀመሪያ የመንታ መንገድ አጋንንት ንጉሥ፣ ኋላም የሲኦል ንጉሥ የሆነው ክራውሊ አንድ ጊዜ ጠላታቸው፣ አንድ ጊዜ ረዳታቸው ይሆናል። ስለዚህ ከፊሉ ተመልካች «ክፉ መቼም አይታመንም» ሲል፣ ከፊሉ «የጠላት ጠላት ወዳጅ ነው» ይላል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች የክራውሊን ልብ ሊያነቡ ይሞክራሉ፤ ልብ ግን አይነበብም።

እ.ኤ.አ. በ2009 በታየው ክፍል ክራውሊ ሉሲፈርን እንዲገድሉበት ኮልት የተባለውን ሽጉጥ ለወንድማማቾቹ ሰጣቸው። ሉሲፈር አጋንንቱንም ሳይቀር ያጠፋል ብሎ ስለ ፈራ፣ ስጦታው ከተንኮል የመጣ አልነበረም። ሆኖም ጥይቱ ሉሲፈርን አልገደለውም፤ በዚያው ዘመቻ ኤለንና ልጇ ጆ ሞቱ። ከዚህ የምንረዳው፣ ረዳቱ ከልቡ ቢሆን እንኳ ቅንነቱ ብቻ ለሥራው ዋስትና እንደማይሆን ነው።

በ2010 የታየው ክፍል ደግሞ ከዚህ የተለየ ትምህርት ይሰጣል። ክራውሊ በውል የወሰደውን የቦቢ ሲንገርን ነፍስ አልመልስም ባለ ጊዜ፣ ቦቢ አልለመነውም። የክራውሊን የቀድሞ አጽም ፈልጎ አስገኘና፣ ካልመለስክ ይቃጠላል አለው። አጽሙ ቢቃጠል ክራውሊ ስለሚጠፋ ነፍሱን መለሰ። አበው «ማመን ቀብሮ ነው» ይላሉ፤ ቦቢ ግን የተቀበረውን እስከ ማስቆፈር ደረሰ። መያዣ በእጁ ስለ ነበር እምነት አላስፈለገውም።

በ2017 ክራውሊ ሉሲፈርን ለማሰር ራሱን መሠዋቱን ጠቅሶ የሚቃወመን ይኖር ይሆናል። ይህ በእርግጥ ከድራማው እጅግ የሚያስደንቅ ክፍል ነው። ነገር ግን ማንም በውል ሊጠይቀው የማይችል ስጦታ ስለ ሆነ፣ ያለፈውን ሁሉ ያለ ዋስ ማመን ትክክል እንደ ነበረ አያስረዳም።

እንግዲህ ጀግናው ከክፉ ጋር መዋዋሉ ብቻውን አያስነቅፈውም፤ የሚያስነቅፈው ያለ ዋስና ያለ መያዣ መዋዋሉ ነው። ድራማውም በጣም የሚያረካው ጀግኖቹ ይህን ሲያስቡ ነው። የባቲ በሬ ገዢ ይህን ለመረዳት 15 ምዕራፍ አላስፈለገውም።