ማቶ የሚገዛው አገር

የወንጀል ልብ ወለድ በብዙዎቻችን ዘንድ የባቡር ጉዞ ማሳጠሪያ ብቻ ተደርጎ ይቆጠራል። ፍሪድሪሽ ግላውዘር እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳተመው «ማቶ ይገዛል» ይህን ንቀት ያፈርሳል።

ግላውዘር ስዊሳዊ ነበር። በሞርፊን ሱስ ተይዞ በእስር ቤትና በአእምሮ ሕሙማን ተቋም ብዙ ዓመታት ያሳለፈ፣ በ1938 በ42 ዓመቱ የሞተ ደራሲ ነው። በልብ ወለዱ የአንድ ተቋም ዋና ሐኪም ይጠፋል፤ ፒተርለን የተባለ ሕመምተኛም ያመልጣል። ጨቅላ ልጁን የገደለ ድኻ ነውና ጥርጣሬው ሁሉ በእርሱ ላይ ያርፋል። መርማሪው ሽቱደር ግን ዓይኑን ከተቆለፈባቸው ወደ ቁልፍ ያዦቹ ያዞራል። ከሕመምተኞቹ አንዱ የእብደትን መንፈስ «ማቶ» ብሎ ሰይሞታል፤ የሂትለር ድምፅ በራዲዮ ሲሰማ የማቶ ግዛት በግንቡ እንደማይወሰን አንባቢ ይረዳል።

ዱረንማት በ1958 «ቃል ኪዳኑ» በተሰኘው ድርሰቱ፣ ነፍሰ ገዳይ ሲጠብቅ የሚያብድ መርማሪ አሳይቶናል። ሥራው ታላቅ ነው። ሆኖም ገዳዩን በሚስቱ አንደበት ብቻ ስለሚያስተዋውቀን፣ ሕመሙ ከየት እንደ መጣ ሳይመረመር ይቀራል። ግላውዘር የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፤ እብድ ማን ነው ከማለቱ በፊት፣ እብድ ብሎ የሚፈርደው ማን ነው ብሎ ይጠይቃል።

ጥያቄው ለፍራንክፈርት ነዋሪ ሩቅ አይደለም። ዛሬ የጎተ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሚመላለሱበት በኢ.ጌ. ፋርበን ሕንፃ ስፍራ፣ በ1864 የተከፈተ የአእምሮ ሕሙማን ተቋም ነበር። ከከተማይቱ ብዙ በማይርቀው በሃዳማር ደግሞ በ1941 ብቻ ከ10,000 በላይ ሰዎች በጋዝ ተገደሉ። ገዳዮቹ ሐኪሞችና የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ፤ እብድ የተባሉት ግን ሟቾቹ ነበሩ።

እኛስ? በአገራችን «አማኑኤል ገባ» ማለት ስድብ ሆኖ ቆይቷል። በስደትም እንቅልፍ ያጣ፣ ሰው ሁሉ ሰላይ የሚመስለው ጓድ ሲያጋጥመን፣ አንዳንዶቻችን እንሸሸዋለን፤ ሌሎቻችን ትግል ከዳ እንለዋለን። ያ ሰው ግን አንድ ጊዜ በእውነት ተሰልሎ፣ በእውነት ታስሮ ሊሆን ይችላል። ፍርሃቱ በአገሩ ሳለ ከሞት ያዳነው ማስተዋል ነበር፤ ምክንያቱ ሲቀር ፍርሃቱ አብሮ አልቀረም።

የአማርኛ ልብ ወለድ ይህን ሰው ገና በቅጡ አላወቀውም። ደራስያኖቻችን ስለ እርሱ ሲጽፉ ከራስ ቅሉ ውስጥ ብቻ አይፈልጉት፤ ያሰረውንም፣ የቆለፈበትንም፣ ዝም ያልነውን እኛንም ይመርምሩ። እስከዚያው ግን በሩን ማንኳኳት የእኛ ፈንታ ነው።