አናዛዡን ካህን ስለ ማዘጋጀት

ለክህነት የሚታጭ ወጣት በዘርአ ክህነት ቤት ከሚያገኛቸው አሳዳጊዎች መካከል መንፈሳዊ አባት የሚባለው ሰው የያዘው ሥራ ከሌሎቹ ሥራ የተለየ ነው። የፍልስፍናው መምህር ፈትኖ ውጤት ይሰጣል፤ የቤቱ አለቃ የተማሪውን ጠባይ መርምሮ ለጳጳሱ ይመሰክራል፤ የነገረ መለኮቱም ሊቅ በመምህራን ጉባኤ ተቀምጦ እገሌ ለዲቁና ይገባል ወይም አይገባም እያለ ድምፁን ያሰማል፤ መንፈሳዊ አባት ግን የልጁን ልብ ከሁሉ ይልቅ የሚያውቅ ሆኖ ሳለ ስለዚያ ልጅ በጉባኤው ፊት አንዲት ቃል ሊናገር አይፈቀድለትም። እኔ የተሰጠኝ ሥራ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ለላቲን ሥርዓት የወጣው ሕገ ቀኖናም፣ የግእዝ ሥርዓት ካቶሊካውያን የምንተዳደርበት በ1990 ለምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የተደነገገውም ሕግ በዚህ ነገር አንድ ናቸው፤ ተማሪው ወደ ማዕርግ ይቅረብ ወይስ ይሰናበት ተብሎ በሚመከርበት ጊዜ የመንፈሳዊ አባቱና የአናዛዡ አሳብ ፈጽሞ አይጠየቅም።

አዲስ የሚመጡ መምህራን በዚህ ሕግ ሲደነቁ አያለሁ፤ ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀውን ምስክር ዝም አሰኝቶ ፍርድ መስጠት ዕውቀትን በከንቱ መጣል ይመስላቸዋልና። እኔ ግን በሥራው በቆየሁ መጠን ካህንን ካህን ከሚያደርጉት ነገሮች ሁሉ ይህን ዝምታ የሚያህል እንደሌለ እያመንሁ ሄጃለሁ። ፍርሃቱን፣ የሥጋውን ፈተና፣ በአባቱ ላይ የያዘውን ቂም፣ አንዳንድ ጊዜም በሃይማኖቱ ላይ ያደረበትን ጥርጥር አውጥቶ የተናገረ ልጅ፣ ያ ቃል ከዚያች ክፍል ሳይወጣ ወር አልፎ ዓመት ሲተካ ባየ ጊዜ፣ ወደፊት በፊቱ የሚንበረከከው ሰው ከእርሱ ምን እንደሚሻ በገዛ ሰውነቱ ያውቀዋል። በሚገባ እየተደመጠ ያላደገ ካህን፣ የቱንም ያህል መጻሕፍት ቢያገላብጥ፣ ሌላውን ማድመጥ ሲከብደው ይኖራል።

በመጨረሻው ዓመት፣ ዲያቆናቱ ለቅስና በሚቃረቡበት ወራት፣ ከእራት በኋላ ተራ በተራ እየገቡ የማናዘዝን ልምምድ ያደርጋሉ። ዲያቆኑ በአናዛዡ ወንበር ይቀመጣል፤ እኔም ተነሳሒ ሆኜ ከጎኑ እንበረከካለሁ፤ የምናገረውም ኃጢአት የማንም ሰው ኃጢአት እንዳይሆን አስቀድሜ አስቤ ያዘጋጀሁት ነው። አንድ ምሽት ዕድሜው የገፋ ገበሬ ሆኜ፣ «ይፍቱኝ አባ፤ ጾም ገድፌአለሁ፤ እሑድ ቅዳሴ ቀርቼአለሁ፤ በልጆቼም ላይ እቆጣለሁ» አልሁና ዝም አልሁ። ዲያቆኑ አእምሮው የበራ፣ በፈተናም ሁልጊዜ ከፊት የሚገኝ ልጅ ነበረ፤ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ ስለ ጾም ጥቅም፣ ስለ ሰንበት ክብር፣ ስለ ወላጆችም ትዕግሥት በተዋበ አማርኛ አስተማረኝ፤ ቀኖናም ሰጠኝ፤ የሥርየቱንም ጸሎት አንዲት ቃል ሳያጎድል አደረሰ። የእኔ ገበሬ ግን ከወንድሙ ጋር በድንበር ተካሶ በሐሰት ምሎ መሬት የወሰደ ሰው ነበረ፤ ከቤቱ ያስነሣውም ይኸው መሐላ ነበረ። ሦስቱን ያስቀደመው የካህኑን ድምፅ ለመስማትና ይህ ሰው የሚታመን መሆኑን ለመለየት ነው፤ ከሦስተኛውም ቃል በኋላ ዝም ያለው አራተኛው በጕሮሮው ስለ ተያዘ ነው። ዲያቆኑ ያንን ዝምታ በትምህርቱ ሞላው።

ይህን በነገርሁት ጊዜ ደነገጠ፤ እንደገና እንጀምር ብሎም ለመነኝ። በሁለተኛው ጊዜ እኔ ዝም ስል እርሱም ዝም አለ፤ ቈየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሌላ የከበደዎት ነገር አለ፣ አባቴ?» አለኝ። አናዛዥ ተነሳሒውን «ልጄ» ማለቱ የተለመደ ቢሆንም፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ካህን ሽበት ያለውን ሰው «አባቴ» ብሎ ቢጠራ እኔ አልከለክለውም፤ የሀገራችን ሰው በዚህ አጠራር ልቡ ይከፈታልና። ከዚያ በኋላ ያለው ትምህርት፣ ማለት የተወሰደው መሬት እንዲመለስ ማዘዝ፣ ወንድም ከወንድሙ ጋር የሚታረቅበትን መንገድ ማሳየት፣ የቀኖናውንም ልክ መወሰን፣ በግብረ ገብ መጻሕፍት በሰፊው የተጻፈ ስለ ሆነ ዲያቆኑ አሳምሮ ያውቀው ነበረ።

ካህናትን በትምህርት ቤት ማሳደግ በሥራ ላይ እንዲውል ብርቱ ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ የዚህ ዓይነት ጕድለት ነበረ። የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1563 እያንዳንዱ ሀገረ ስብከት ዘርአ ክህነት ቤት እንዲኖረው ደነገገ፤ በፈረንሳይ አገር ግን ድንጋጌው ብዙ ዘመን ሳይፈጸም ቈየ። በ1617 ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ጋን በምትባል መንደር በሞት አፋፍ ላይ ያለ ገበሬ ያናዝዝ ዘንድ ተጠራ፤ ሰውየው በጎረቤቶቹ ዘንድ በደግነት የታወቀ ሲሆን በቀደሙት ኑዛዜዎቹ ሁሉ የሸሸጋቸው ከባድ ኃጢአቶች ነበሩበት። የዚያ አገር እመቤት ማዳም ደ ጎንዲም ቀድሞ ያናዝዛት የነበረው ካህን የሥርየቱን ቃል እንደማያውቅ ተገንዝባ፣ ቃሉን በወረቀት አስጽፋ እርሱ እንዲያነብበው ትሰጠው ነበር። ቪንሰንት በ1625 የመሠረተው ማኅበር ለገጠር ሰዎች የሚሰብክ ሆኖ፣ ራሱ ቪንሰንት ከ1628 ጀምሮ በቦቬ ከተማ ለማዕርግ የቀረቡትን ወጣቶች ሰብስቦ በሱባኤ ማስተማር ያዘ።

ከዚሁ ማኅበር የወጣው ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ፣ በእኛ ዘንድ አቡነ ያዕቆብ የሚባለው፣ በ1839 ዐድዋ ከገባ በኋላ አስቀድሞ የሀገሩን ቋንቋና ልማድ እንደ ተማሪ ተቀምጦ ተማረ፤ በ1840ዎቹም በዓዲግራት አጠገብ በጓላ የሀገሩን ልጆች ለክህነት የሚያዘጋጅ ቤት አቋቋመ። የሥራው ባልንጀራ የሆነው ጎጃሜው መነኵሴ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ከእርሱ ጋር የትምህርተ ሃይማኖት መጽሐፍ አዘጋጀ፤ የግብረ ገብ ነገረ መለኮትንም መጽሐፍ ወደ ሀገሩ ቋንቋ መለሰ፤ በ1851 ቅስና ሲቀበል ዕድሜው ወደ ስድሳ የተጠጋ ሊቅ ነበረ፤ በ1855ም በእስራት እንዳለ ዐረፈ። በመጻሕፍት ምርመራ ብዙ ዘመን የኖረ ሽማግሌ ከወጣቶች ጋር ለማዕርግ መዘጋጀቱን ሳስብ፣ ዛሬ በሀያ ስድስት ዓመቱ ተማርሁ ብሎ የሚቸኩለውን ልጅ ለመታገሥ ኃይል አገኛለሁ።

ዛሬ ሕጉ የሚጠይቀው በጠቅላላው ስድስት ዓመት ነው፤ ሁለቱ ለፍልስፍና፣ አራቱ ለነገረ መለኮት። ከሮም በ2016 የወጣው የካህናት አስተዳደግ መመሪያ ከዚህ አስቀድሞ የመግቢያ ጊዜ እንዲኖር አዝዟል፤ እኔም ይህን ጊዜ ከሁሉ አብልጬ እሳሳለታለሁ። ብዙ ቤቶች በእንግሊዝኛ ማሻሻያና በጎደለ ትምህርት ማካካሻ ያጣብቡታል፤ ይህም አስፈላጊ መሆኑን አልክድም፤ ይሁን እንጂ ልጁ ጸጥታን የሚለምድበት፣ ከመንፈሳዊ አባቱም ጋር ያለ ፈተና ጭንቀት የሚነጋገርበት ሌላ ጊዜ ከዚያ ወዲያ አይገኝለትም።

ቅስናው ከተፈጸመ በኋላ ያለውን ነገር በሚመለከት፣ ሥልጣን ላላቸው አባቶች ደጋግሜ ያቀረብሁት ልመና አለ፤ ይኸውም አዲሱ ካህን ቢያንስ የመጀመሪያውን ዐቢይ ጾም በዕድሜ ከገፋ ቆሞስ ጋር በአንድ ቁምስና እንዲያሳልፍ ነው። ተነሳሒው የሚበዛው፣ ካህኑም የሚደክመው በዚያ ወቅት ነው፤ ማታ ሁለቱ አንድ ላይ ሲቀመጡ የማንንም ምሥጢር ሳይነኩ ወጣቱ በየትኛው ሰዓት ትዕግሥቱ እንዳለቀ፣ በየትኛውም ቃል እንደ ቸኰለ ሊናገር፣ ሽማግሌውም ሊያደምጠው ይችላል። የካህናት ቍጥር በማነሱ ምክንያት አዲሱን ካህን ቅስናው በተፈጸመ በሳምንቱ ብቻውን ወደ ሩቅ ቁምስና የሚልክ ሀገረ ስብከት ችግሩ ይገባኛል፤ እንዲህ ያለው ወጣት ከሚሄድበት መንገድ አጠገብ ያለ አንድ ጎረቤት ካህን ተመርጦ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ እየሄደ የሚናዘዝበትና የሚመካከርበት ደንብ ከመሾሚያው ደብዳቤ ጋር ቢጻፍለት ለሀገረ ስብከቱ የሚያስወጣው ወጪ የመንገድ ብቻ ነው።