ፍርዱ የአድማጭ ነው

ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሥ ዳዊት የገባው ሊገሥጸው ነው። ንጉሡ የኦርዮን ሚስት ወስዷል፤ ባልየውንም ጦርነቱ ከበረታበት ግንባር አሰልፎ አስገድሎታል። ናታን ግን የኦርዮን ስም አላስቀደመም። ይዞ የገባው የሌሎች ሁለት ሰዎችን ነገር ነው። አንዱ ብዙ በግና ላም ያለው ባለጠጋ፣ ሌላው ከአንዲት ጠቦት በቀር ምንም የሌለው ድኻ። ባለጠጋው እንግዳ ሲመጣበት ከራሱ መንጋ ማረድ ሳሳና የድኻውን ጠቦት ወስዶ አረደ። ዳዊት ይህን ሲሰማ በቁጣ ነደደ፤ ሰውየው ሞት ይገባዋል ብሎም ፈረደ። ናታን ነገሩን ወደ ንጉሡ ያዞረው ከዚህ በኋላ ነው።

የራዲዮ ድራማ መጻፍ ከሚጀምሩ ወጣቶች ጋር ስሠራ ይህን ምዕራፍ አብረን እናነባለን። ምሥጢሩን አብዛኞቹ ከልጅነታቸው ያውቁታል። እኔ የምጠይቃቸው ስለ አሠራሩ ነው። ተራኪው ቃሉን ያወጣው የት ላይ ነው? ስለ ባለጠጋው ከብቱ ብዙ መሆኑ ብቻ ተነግሮ ታልፏል። ጠቦቷ ግን ከድኻው ልጆች ጋር ማደጓ፣ ከሚበላው መብላቷ፣ ከሚጠጣበት መጠጣቷ፣ በብብቱ ውስጥ መተኛቷ አንድ ባንድ ተዘርዝሯል። ይህ ሁሉ የተነገረው ደግሞ በልጅነቱ በግ ሲጠብቅ ላደገ ሰው ነው። ዳዊት ጠቦት ማቀፍ ምን እንደሆነ ክንዱ ያውቀዋል። ናታን አድማጩን አጥንቶ መጥቷል።

ክሱን በቀጥታ አቅርቦ ቢሆን ንጉሡ መልስ አያጣም ነበር። ዙፋን አለው፣ ሠራዊት አለው፤ በጦርነት ሰው ይሞታል ማለትም ይችላል። በራሱ አፍ ከፈረደ በኋላ ግን ይግባኝ የሚልበት ቦታ አልነበረውም። ሰውን በታሪክ ለማሳመን የሚሠራ ሁሉ፣ ጠበቃም ይሁን ሰባኪ ወይም የድራማ ጸሐፊ፣ ከዚህ የበለጠ ትምህርት የሚያገኝ አይመስለኝም። ፍርዱ ከአድማጩ አፍ መውጣት አለበት።

የእኔ ሥራ በጤናና በልጃገረዶች ትምህርት ዙሪያ ተከታታይ የራዲዮ ድራማ መጻፍ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ የሚጀምረው በመልእክት ዝርዝር ነው። ድራማውን የሚያስጽፈው ድርጅት «ማኅበረሰቡ ይህን ይህን ቢያውቅ» ብሎ ጽፎ ይሰጠናል። ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ችግሩ የሚመጣው ጸሐፊው ያንን ወረቀት ለአንዲት ነርስ ሰጥቶ በምልልስ መልክ ሲያስነብባት ነው። አድማጭ ወዲያውኑ ይነቃል፤ እየተናገረች ያለችው ነርሷ ሳትሆን ቢሮው መሆኑ ይገባዋል። አገራችን ውስጥ ሰው ምክር አጥቶ አያውቅም። በቀበሌ ስብሰባ፣ በጤና ጣቢያ፣ በትምህርት ቤት በዓል፣ በየመድረኩ ይመከራል። ስለዚህ መካሪን በትሕትና «እሺ» ብሎ መሸኘትን ከማንም በላይ ተክኖበታል። «እሺ» ያለ ሁሉ ተስማምቷል ብሎ የሚያስብ ጸሐፊ አገሩን ገና አላወቀም።

ያለ ዕድሜ ጋብቻን እንውሰድ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 15 ዓመት የነበረውን የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ወደ 18 ከፍ አድርጎታል። ልጁን ሊድር የተነሣ አባት ይህን አልሰማም ማለት ያስቸግራል። ሰምቷል። የጎደለው ዕውቀት አይደለም፤ ስለዚህ ዕውቀት በመጨመር አይሞላም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ስንጽፍ አብዝተን የተጨነቅንበት ገጸ ባሕርይ አባትየው ነበር። ጨካኝ አድርጎ መጻፍ ቀላል ነው። አድማጭ ይጠላዋል፣ ይረግመዋል፣ በዚያው ያልቃል። ራዲዮኑን ከፍቶ የተቀመጠው እውነተኛ አባት ግን «እኔ እንዲህ ያለ አውሬ አይደለሁም» ብሎ ራሱን በነፃ ያሰናብታል። ስለዚህ ልጁን የሚወድ አባት ጻፍን። ከጥማድ በሬዎቹ አንዱ ሞቶበታል። የማዳበሪያ ዕዳ አለበት። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፤ ልጅቷ በመንገድ ላይ ብትጠለፍ ስሟ እንደሚጠፋ፣ እሱም ከጎረቤት ፊት መቆም እንደሚያቅተው ይፈራል። ጥሪት ያለው ቤተሰብ ለልጁ ሲጠይቀው፣ በወግ በማዕረግ ድሮ ከሐሳብ መገላገልን እንደ አባትነት ግዴታው ቆጠረው። ይህንን ሁሉ ሙሉ አፉን ከፍቶ እንዲናገር ፈቀድንለት። ረቂቁን ያነበበ አንድ ባልደረባ «ለእሱ ጥብቅና ቆማችሁ እንዴ?» አለን። ቆመናል። የማናምንበትን ሰው ክርክር እሱ ራሱ ሊናገረው ከሚችለው በላይ አሳምሮ መጻፍ ካልቻልን፣ እሱን የመሰለ አድማጭ ጋ የምንደርስበት መንገድ የለንም።

ከዚያ ድራማ ውስጥ አንድ ትዕይንት ላንሣ። ልጅቷ ከትምህርት ገበታ ቀርታለች፤ አሮጌ ደብተሮቿ ለመንደሩ ሱቅ ተሸጠዋል። አንድ ቀን ስኳር እንድትገዛ ትላካለች። ባለሱቁ እንደተለመደው በደብተር ወረቀት ጠቅልሎ ይሰጣታል። ቤት ገብታ ስትፈታው የራሷን የእጅ ጽሑፍ ታያለች። አድማጭ ወረቀቱን ማየት ስለማይችል ሁሉም ነገር በድምፅ ነው የሚሆነው። ወረቀቱ ይንኮሻኮሻል። ልጅቷ ዝም ትላለች። ከዚያ የሒሳቡን ጥያቄዎች ከእነ መልሳቸው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታነባለች። ፊደል ያልቆጠረው አባቷ ጠጋ ብሎ፣ «ይቺ ቀይዋ ጽሕፈት ምንድን ናት?» ይላታል።

«አሥር ካሥር ነው፣ አባ።»

ከዚያ በኋላ የሚሰማው እናትየው ስኳሩን ጣሳ ውስጥ ስትገለብጠው ነው። ሌላ ምንም የለም።

በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ አባትየው ቀጥሎ «ወይኔ፣ ልጄን በደልኳት» ይል ነበር። ዓረፍተ ነገሩን ያወጣነው ውሸት ስለሆነ አይደለም፤ ሰውየው በልቡ ብሎት ሊሆን ይችላል። እሱ ከተናገረው ግን አድማጩ የሚሠራው ሥራ አይኖረውም። ጸጸቱም ፍርዱም በስሎ ቀርቦለታል። እሱ ዝም ሲል ግን በየቤቱ ያለው ሰው ባዶውን ቦታ በራሱ ቃል ይሞላዋል፤ ያ ቃል ደግሞ የራሱ ነው፣ ማንም አልሰጠውም። ጥሩ ሽማግሌዎች ባልና ሚስት ሲያስታርቁ የሚያደርጉትን ልብ ብዬ አይቻለሁ። ጥፋተኛውን ለመጥራት አይቸኩሉም። የሌላ አገር፣ የሌላ ዘመን ባልና ሚስት ያነሣሉ፤ ተርከው ይጨርሱና ዝም ይላሉ። ዝምታውን ለመስበር የመጀመሪያው የሚሆነው ብዙ ጊዜ ነገሩ የነካው ሰው ነው።

በዚህ ሙያ ውስጥ ያለን ሰዎች ሁላችንም የሜክሲኮው የቴሌቪዥን ድራማ አዘጋጅ የሚጌል ሳቢዶ ባለዕዳዎች ነን። እ.ኤ.አ. በ1969 ፔሩ ውስጥ መታየት የጀመረ «ሲምፕሌሜንቴ ማሪያ» የተባለ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ነበር። ከገጠር መጥታ በቤት ሠራተኝነት የምትኖር ሴት ፊደል ተምራ፣ ስፌት ለምዳ፣ ራሷን ስትችል ያሳያል። ማንም እንደ ትምህርት አላሰበውም፤ ይሁንና በላቲን አሜሪካ ብዙ የቤት ሠራተኞች ስፌትና ማንበብ ለመማር ተነሡ። ሳቢዶ ይህን አይቶ፣ በአጋጣሚ የሆነው ታስቦበት ቢሠራስ ብሎ ጠየቀ። ከሥነ ልቦና ተመራማሪው ከአልበርት ባንዱራ ንድፈ ሐሳብ የተማረውን ጨምሮ ገጸ ባሕርያቱን በሦስት ወገን ከፈላቸው፦ መልካሙን የያዙ፣ በክፉው የጸኑ፣ በመካከል ሆነው የሚያመነቱ። ለእኔ የሥራው ልብ ሦስተኛው ነው። አድማጭ ፍጹም የሆነውን ሰው ያደንቃል፣ ክፉውን ይጠላል፤ የሚከተለው ግን የሚያመነታውን ነው፤ እሱም እያመነታ ስለሚኖር። ይህ ሰው ቶሎ መለወጥ የለበትም። አንድ እርምጃ ሄዶ ሁለት መመለስ፣ ሰው መስማት፣ መፍራት፣ ዋጋ መክፈል አለበት። በአንድ ክፍል ውስጥ ተመክሮ የሚለወጥ ገጸ ባሕርይ የማንንም ሕይወት አይመስልም። ተከታታይ ድራማ ከአንድ ንግግር የሚበልጠው በዚህ ነው፤ ለማመንታት ጊዜ ይሰጣል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» 257 ክፍሎች ነበሩት፤ ከ15 ሺህ በላይ የአድማጭ ደብዳቤዎችም ደርሰውታል። ሰው ደብዳቤ የሚጽፈው ለማያውቀው ሰው አይደለም፤ ያን ያህል ጊዜ አብረውት ሲኖሩ ገጸ ባሕርያቱ ጎረቤቶቹ ሆነዋል።

ስለ ልብ ሰቀላ ብዙ አልልም። ክፍሉ የት ላይ ይቆረጥ የሚለውን ማንኛውም ጸሐፊ በልምድ ይደርስበታል። አንድ ነገር ብቻ፦ «ማን በሩን አንኳኳ?» ብሎ ከመቁረጥ «አሁን ምን ታደርግ ይሆን?» ብሎ መቁረጥ ይበልጣል። የመጀመሪያው ጉጉት ነው፤ ሁለተኛው አድማጩን እስከ ቀጣዩ ክፍል ድረስ በእሷ ቦታ ሆኖ እንዲያስብ ያደርገዋል።

ልብን ማነሣሣት ብቻውን በቂ አይደለም፤ እንዲያውም መንገዱ ካልተሰናዳ በደል ሊሆን ይችላል። ሳቢዶ እ.ኤ.አ. በ1975 «ቬን ኮንሚጎ» የተባለውን ድራማ ስለ ጎልማሶች ትምህርት ሲሠራ፣ ገጸ ባሕርያቱ የመማሪያ መጻሕፍት ወደሚታደልበት እውነተኛ መሥሪያ ቤት ሄደው ታዩ። በማግስቱ ቦታው ሊሸከመው በማይችለው ሕዝብ ተጥለቀለቀ። በዚያ ዓመት የተመዝጋቢው ቁጥር ከ100 ሺህ ገደማ ተነሥቶ ከ800 ሺህ በላይ ደረሰ። ከዚህ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛ፣ ያመነ አድማጭ ነገ ጠዋት የት እንደሚሄድ ከታሪኩ ውስጥ ማወቅ አለበት፤ በመጨረሻ ላይ እንደ ማስታወቂያ ቢነበብለት ያን ያህል አይይዘውም። ሁለተኛ፣ የምንልክበት ቦታ ክፍት መሆን አለበት። በድራማው ውስጥ ጤና ጣቢያ ሂዱ ካልን፣ በአካባቢው ያለው ጤና ጣቢያ የምንለውን አገልግሎት መስጠቱን ቀድመን እንጠይቃለን። ተነክቶ፣ ከሩቅ ተጉዞ ደርሶ በሩ የተዘጋበት ሰው ታሪካችንን ዳግመኛ አያምንም፤ ማመንም የለበትም።

ይህ ጥበብ በራሱ ደግ አይደለም። ሩዋንዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 ሕዝብን በሕዝብ ላይ ያስነሣው «ራዲዮ ቴሌቪዥን ሊብር ዴ ሚል ኮሊን» ደረቅ ጣቢያ አልነበረም። ሙዚቃ፣ ቀልድ፣ ጨዋታ፣ ታሪክ ነበረው፤ አድማጩን ይወዳጅ ነበር። በዚያ መሐል የሚታደኑ ሰዎችን ስም ያነብ ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ በዚያው አገር «ሙሴኬዌያ» የተባለ የራዲዮ ድራማ ተጀመረ። ቡማንዚና ሙሁሙሮ የተባሉ ሁለት የልብ ወለድ መንደሮች አሉበት፤ በመካከላቸው ቂም ይዘራል፣ ሼማና ባታሙሪዛ የተባሉ ከሁለቱ ወገን የመጡ ወጣቶች ይዋደዳሉ። ኤልዛቤት ሌቪ ፓሉክ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት፣ ይህን ድራማ ለአንድ ዓመት በቡድን የሰሙ ሰዎችን ስለ ጤና የሚያወራ ሌላ ድራማ ከሰሙ ሰዎች ጋር አነጻጽራለች። የአድማጮቹ የግል እምነት ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው «በእኛ ዘንድ ሰው እንዴት ይኖራል፣ ምን ያደርጋል» የሚለው ግምታቸውና አድራጎታቸው ነው። በመጨረሻ ለየመንደሩ ቴፕና ካሴቶች በስጦታ ሲሰጡ፣ ጤናውን የሰሙት ለአካባቢው ባለሥልጣን በአደራ መስጠት ሲቀናቸው፣ «ሙሴኬዌያ»ን የሰሙት ተከራክረው በጋራ ለመያዝ አዘነበሉ።

በጣቢያውና በድራማው መካከል ያለውን ልዩነት በቴክኒኩ ውስጥ ብንፈልገው አናገኘውም። ሁለቱም መተረክ ያውቃሉ። እኔ የማየው ልዩነት የመጀመሪያው ፍርዱን ጨርሶ መምጣቱ ነው። ጥፋተኛው ታውቋል፤ የተከሰሰው ሰው ድምፅ የለውም፤ አድማጩ የሚጠበቅበት ማስፈጸም ብቻ ነው። ለዚህም ነው የተቃራኒውን ሰው አፍ የሚዘጋ ታሪክ ለደግ ዓላማ እንኳ ሲጻፍ የሚያስፈራኝ። ዛሬ በማኅበራዊ ሚዲያ እኛው ስለ እኛው የምንተርካቸው አብዛኞቹ ታሪኮች በዚህ ሚዛን ቢመዘኑ እጅግ ይቀላሉ፤ ይህን የምለው ከልቤ እያዘንሁ ነው።

አንድ ክፍል ስቱዲዮ ከመግባቱ በፊት ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ጥቂት ሰዎች እናነብላቸዋለን። «ምን ተማራችሁ?» ብለን አንጠይቅም፤ ይህን ጥያቄ የሰማ ሰው ፈተና ላይ የተቀመጠ ይመስለውና የምንፈልገውን መልስ ይሰጠናል። የምንጠይቀው «በማን ተናደዳችሁ?» እና «አባትየው ምን ማድረግ ነበረበት?» ነው። የስኳሩን ትዕይንት ስናነብ አንዲት እናት «ጥፋቱ የእናትየው ነው፤ ደብተሩን የሸጠች እሷ ናት» አለች። ከጎኗ የነበረችው፣ «ዕዳ ያለበት ቤት ውስጥ ምን ትሁን?» ብላ ተነሣችባት። አንድ አዛውንት በሬውን አነሡ፤ ጎረቤቶቹ አንድ በሬ አቀናጅተው ቢያርሱለት ኖሮ ልጅቷ አትነካም ነበር አሉ። በእኛ ረቂቅ ውስጥ እንዲህ ያለ ጎረቤት አልነበረም። ክርክሩ እስኪበርድ ማስታወሻ ያዝን፤ በሚቀጥለው ሳምንት በሬ የሚያቀናጅ ጎረቤት ጻፍን፣ የነርሷን ንግግር በሁለት መስመር አሳጠርን፣ ጽሑፉንም ለዳይሬክተሩ አስረከብን።