የፍላጻው መርዝ በሙዚየም ሣጥን ውስጥ

መርዝ የተቀባ የምሥራቅ አፍሪካ ፍላጻ በሙዚየም ሲቀርብ፣ ርዝመቱንና የተገኘበትን አገር ብቻ ጠቅሶ መርዙን የሚዘል መግለጫ ከባድ ጉድለት አለበት። መርዙ ከምረንዝ ዛፍ እንጨትና ቅርፊት ተቀቅሎ፣ እንደ ቅጥራን ከጠቆረ በኋላ የሚቀባ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት አርኖ እ.ኤ.አ. በ1888 ከዚሁ የዕፅዋት ወገን ለይቶ ያወጣው ኡዋባይን የልብን ሥራ ያውካል፤ ኃይሉንም ለብዙ ዓመታት ጠብቆ ሊቆይ ይችላል። አደጋው የሚያሠጋው ከመስታወት ወዲህ የቆመውን ጎብኚ ሳይሆን፣ አቧራ የሚጠርገውንና በቆሰለ ጣቱ ቅርሱን የሚያነሣውን ሠራተኛ ነው።

መርዙን አጥቦ ማስወገድም መፍትሔ አይሆንም፤ የሠሪዎቹን የዕፅዋት ዕውቀት ማስረጃ ያጠፋልና። ጫፉ ይሸፈን፤ ጓንት ይደረግ፤ ማስጠንቀቂያው በማስቀመጫውና በመዝገቡ ላይ ይጻፍ። ቅርሱን እየጠበቁ ጠባቂውን መዘንጋት ጥበቃ ሊባል አይችልም።