ሰብለና በዛብህ ቢጋቡ ኖሮ

ወለጋ ውስጥ ዲጋ ላይ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር ስለ ሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲወራ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በዛብህ ባይሞት፣ ሰብለ ወንጌልን አግብቶ ጎጆ ቢወጣ፣ ፍቅራቸው ይዘልቅ ነበር ወይ? ጠያቂዎቹ ራሳቸው በዚያ ዕድሜ ላይ ናቸው፤ ፊደል ሲቆጠር የተጀመረ ፍቅር ልጅ ተወልዶ፣ ኑሮ ከብዶ ይቆም እንደሆነ የምር ማወቅ ይፈልጋሉ። ቤታቸው በኦሮምኛ እያወሩ አማርኛን ክፍል ውስጥ የሚማሩ ልጆች ናቸው። የመጽሐፉ አገር ግን ሩቅ አይደለም፤ ከዲጋ ቁልቁል የሚገኘው የዴዴሳ ወንዝ አባይ ይገባል፣ ከአባይ ማዶ ጎጃም ነው።

እኔ ይዘልቅ ነበር ባይ ነኝ። ይህን የምለው ስለምመኝላቸው ሳይሆን ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅሩን የሠሩበትን መንገድ ደጋግሜ ስላየሁት ነው።

ሐዲስ ሁለቱን በሠርግ ወይም በገበያ አላገናኟቸውም። በዲማ ጊዮርጊስ የተማረውን ደብተራ በዛብህን ወደ ሰብለ አባት ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት አስገብተው ልጅቱን ማንበብና መጻፍ እንዲያስተምር አደረጉት። ትምህርት በየቀኑ ይመላለሳል። አንዱ ይሳሳታል፣ ሌላው ያርማል፤ አንዱ ይታገሣል፣ ሌላው ያፍራል። ፍቅሩ የመጣው ከዚህ ሥራ መካከል ስለሆነ ሁለቱ የሚዋደዱት መልክ ለመልክ ብቻ ተያይተው አይደለም፤ ሲደክማቸውም ሲሰለቻቸውም ተያይተዋል። ደግሞም ሰብለ ለጋ ልጅ አይደለችም። አባቷ የጠያቂውን ዘር እየቆጠሩ አማጭ ሁሉ ሲመልሱ፣ በአገሩ ልማድ የማግቢያዋ ጊዜ አልፏል። ሐዲስ ይህን ሲያደርጉ የወጣትነት ግለት የሚባለውን ምክንያት ከእጃችን ነጥቀውናል። ብቸኝነትን ጠንቅቃ የምታውቅ ሴት መርጣ ወደደች።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የስለቱ አሰካክ ነው። የበዛብህ እናት ልጇ በሕፃንነቱ ሕመም ሲመላለስበት ለቤተ ክርስቲያን ተስላዋለች። ደካማ ደራሲ ቢሆን የአባትየው የዘር ኩራት ብቻውን ለእንቅፋትነት በበቃው ነበር፤ ታሪኩም ጨካኝ አባትና ምስኪን ልጆች ሆኖ ይቀር ነበር። ሐዲስ ግን ሁለተኛውን አጥር በበዛብህ ሕሊና ውስጥ ተከሉት። ስለዚህ በዛብህ ሰብለን ሲመርጥ ከፊታውራሪው ጎራዴ በፊት የእናቱን ቃል መሻገር አለበት። የሚያስከፍለውን እያወቀ የገባበት ፍቅር ነው፤ በትዳር የመጀመሪያው ችግር ቀን ተደናግጦ የሚሸሽ ሰው አይመስለኝም።

ከዚያ መለያየቱ ይመጣል። እሱ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል፤ እሷ በወንድ መነኩሴ ልብስ ተሸሽጋ በእግሯ ፍለጋ ትወጣለች፤ እሱም በበኩሉ ወደ እሷ ይመለሳል። ሁለቱም መንገድ ላይ ናቸው፣ ማንም ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ የለም። ሐዲስ መለያየትን ከመጽሐፍ አልተማሩትም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር በምዕራብ ኢትዮጵያ ሲዋጉ ተማርከው ሰባት ዓመት ያህል በኢጣሊያ ደሴቶች ታስረዋል። ልቦለዱ የታተመው በ1958 ዓ.ም.፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗቸው ነው። በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ንባብ የሰማ ሁሉ እነዚያ የመንገድ ገጾች ላይ ትንፋሹ እንዴት እንደሚረዝም ያስታውሳል።

በዛብህ በሽፍቶች እጅ ቆስሎ ሲሞት ብዙ ደራሲ ብዕሩን ያስቀምጥ ነበር። እዚህ ላይ ነው የሐዲስን እጅ የማከብረው። ሰብለን በሕይወት አቆዩዋት፤ መንኩሳ፣ ዘመዷ ጉዱ ካሳም አጠገቧ ሆኖ፣ ዓመታት ታሳልፋለች። በመጨረሻም ሦስቱ አብረው ይቀበራሉ። ፍቅሩ ከወጣትነት ወደ ጉልምስና መሻገሩን በቃል አልነገሩንም፤ በአንዲት ሴት ዕድሜ ላይ አስኬዱት።

አንዲት ጎበዝ ተማሪ ይህን መልስ አልተቀበለችኝም። የሞተ ሰው አይጨቃጨቅም፣ ገንዘብ አያባክንም፣ አያመሽም፤ ስለዚህ ለመቃብር መታመን ትዳር መቻልን አያሳይም አለች። ትክክል ናት። ሰብለ በጓዳም በእልፍኝም ሰው ሲታዘዛት ያደገች ናት፣ በዛብህ ደግሞ ርስት የለውም። ድህነቱ ይከብዳት ነበር።

ለተማሪዋ የሚሆነው መልስ ያለው ግን ሁላችንም ለፍቅሩ ቸኩለን በምናልፋቸው በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ነው። ልቦለዱ የሚጀምረው በሰብለ ሳይሆን በበዛብህ ወላጆች፣ በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ ነው። እሱ ድኻ ነው፤ እሷ ከዚያ በፊት ትዳር አልጸናላትም። ዕድሜያቸው ገፋ ሲል ተጋቡ፣ አብረው ሠሩ፣ ልጅ ሲታመም አብረው ተጨነቁ። የፊታውራሪው ቤት የሚተዳደረው በባል ትእዛዝ ነው፤ ይህ ጎጆ በሁለት ሰው ጉልበት። ሐዲስ ይህን ሁሉ ገጽ ለመግቢያነት ብቻ አላወጡበትም ብዬ አምናለሁ። ሰብለ አይታው የማታውቀውን ዓይነት ትዳር በዛብህ በልጅነቱ አይቶት አድጓል፤ ማንበብ እንዳስተማራት ይህንንም ያስተምራት ነበር።