«አልደፍርም» ባዮች፦ ስለ ኢብሰን «የሕዝብ ጠላት» ቴአትር

ሄንሪክ ኢብሰን የተባለው የኖርዌይ ደራሲ «የሕዝብ ጠላት» የሚለውን ቴአትር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1882 ዓ.ም. አሳተመ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ስላወጣው ስለ ሌላው ድርሰቱ ያገሩ ሰዎችና ጋዜጠኞች ክፉኛ ነቅፈውት ነበርና፥ የዚያ ነቀፌታ ቍጣ በዚህኛው ላይ ጎልቶ ይታያል። የድርሰቱን ብርታትም ጕድለትም ያመጣው ይኸው ቍጣ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ባንዲት ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ሕሙማን የሚታጠቡበት ሥፍራ ተሠርቶ፥ ከተማዪቱ በእንግዶች ገንዘብ መበልጸግ ጀምራለች። የመታጠቢያው ሐኪም ዶክተር ስቶክማን ውሃውን ወደ ዩኒቨርሲቲ ልኮ ቢያስመረምር፥ ከቆዳ ፋብሪካዎች በሚወርደው እድፍ ተበክሎ ተገኘ። ሐኪሙም ይህን ገልጦ ሲናገር ከተማው እንደ ባለውለታ የሚያመሰግነው መስሎት ነበር። በመጀመሪያ እንዲሁ ሆነ፤ የጋዜጣው አዘጋጅ ጽሑፉን አትማለሁ አለ፤ የባለ ቤቶች ማኅበር ሊቀ መንበር የሆነው አሳታሚው አስላክሰንም ብዙኃኑ ከሐኪሙ ጀርባ እንደሚቆም አረጋገጠለት። የሐኪሙ ወንድም የከተማው ሹም ጴጥሮስ መጥቶ፥ ውሃው እስኪታደስ መታጠቢያው ሁለት ዓመት እንደሚዘጋና ወጪውም በሕዝቡ ላይ እንደሚወድቅ ባስረዳቸው ጊዜ ግን ሁሉም ባንድ ሰዓት ተገለበጡ። ሐኪሙ አዳራሽ የሚሰጠው ቢያጣ በአንድ የመርከብ ካፒቴን ቤት ሕዝቡን ሰብስቦ ተናገረ፤ ጉባኤውም ድምፅ ሰጥቶ «የሕዝብ ጠላት» ብሎ ሰየመው።

በዚያ ድምፅ ላይ አልስማማም ብሎ የተገኘው አንድ ሰካራም ብቻ ነው። ኢብሰን ይህን ለሣቅ ያገባው ይመስላል፤ ነገር ግን በቴአትሩ ውስጥ ይህን ያህል የመረረ ነገር የለም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ «ጎረቤቴ ምን ይለኝ?» ብሎ ያላሰበው፥ መጠጥ አእምሮውን የወሰደበት ሰው ብቻ ነበርና።

ቴአትሩን ያዩ ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የሚያስታውሱት በዚሁ ጉባኤ ላይ ሐኪሙ የሚያደርገውን ንግግር ነው። ብዙኃኑ ከቶ እውነት እንደሌለው፥ እውነት ሁልጊዜ የጥቂቶች እንደ ሆነች ይናገራል። አልፎም ተራውን ሕዝብ ከመንገድ ውሻ፥ የተማሩትን ከተመረጠ ዘር ውሻ ጋር ያመሳስላል። አሜሪካዊው ደራሲ አርተር ሚለር በ1950 ዓ.ም. ቴአትሩን አሻሽሎ ለኒው ዮርክ መድረክ ባዘጋጀ ጊዜ ይህን የመሰለውን ቃል ቀንሶታል፤ መቀነሱም ተገቢ ነው። በሰዎች ላይ የሚፈርድ ሰው ሁሉ እውነት ይዟል ማለት አይደለም፤ ብቻውን የቆመ ሁሉም ነቢይ አይደለም። የአክዓብን 400 ነቢያት ተቃውሞ ብቻውን የቆመው ሚክያስ እንኳ የተከበረው እውነቱን ስለ ተናገረ ነው እንጂ ቍጥራቸው ስለ በዛ አይደለም።

የድርሰቱ እውነተኛ ኀይል ያለው ተመልካቹ ደክሞት ለመሄድ በሚዘጋጅበት በአምስተኛው ክፍል ነው። በማግስቱ ጧት የሐኪሙ ቤት መስኮቶች በድንጋይ ተሰባብረዋል። ሐኪሙ ድንጋዮቹን እየለቀመ ቢመለከት፥ ካንድ ሁለቱ በቀር ሁሉም ጠጠር ናቸው፤ የሚወግሩት ሰዎች በመውገሩም ፈሪዎች ነበሩ። ቀጥሎ ወሬ በወሬ ላይ ይመጣል። መስታወት ገጣሚው ተጠርቶ ዛሬ መምጣቴን እንጃ ይላል። ቤት አከራዩ ልቀቁልኝ ብሎ ይጽፋል፤ በራሱ ፈቃድ እንዳይደለ፥ ነገር ግን ስለ ከተማው ሰዎች ሌላ ሊያደርግ እንደማይደፍር ይገልጣል። የሐኪሙ ልጅ ፔትራ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ትሰናበታለች፤ ያሰናበተቻት ሴት አዝናለች፥ ግን አልደፈረችም። ቤቱን ለጉባኤው የሰጠውን ካፒቴን ሆርስተርን ያሰናበተው የመርከብ ባለቤትም በሌላው ነገር ደግ ሰው ነው ይባልለታል። በመጨረሻም የባለ ቤቶች ማኅበር ማንም ሐኪሙን እንዳይጠራ የሚል ወረቀት ከቤት ወደ ቤት ያዞራል፤ የከተማው ሹምም አልፈርምም ለማለት የሚደፍር እንደማይኖር ለወንድሙ ይነግረዋል።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ይገባዋል፤ እነዚህ ሁሉ የፈሩት ማንን ነው? አከራዩ የሚፈራው ጎረቤቱን ነው፤ ጎረቤቱ ደግሞ አከራዩን ይፈራል፤ ሁለቱም ነገ ያንን ወረቀት ይዞ የሚመጣውን ይፈራሉ፤ እርሱም የላኩትን ይፈራል። ፍርሃቱን እስከ ምንጩ ተከትሎ ለሚሄድ ሰው፥ በመጨረሻው ላይ ተቀምጦ የሚያስፈራራ አንድ ጨካኝ አይገኝም፤ ሹሙ ጴጥሮስ እንኳ ይህን ኀይል ይጠቀምበታል እንጂ አልፈጠረውም። «ብዙኃን» የሚባለው እያንዳንዱ ሌላውን ብዙኃን አድርጎ የሚያይበት ጉባኤ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው በተፈወሰ ጊዜ፥ ወላጆቹ ከምኵራብ እንዳይባረሩ ፈርተው ለልጃቸው ከመመስከር የተቈጠቡት በዚሁ ጠባይ ነው።

አማርኛ ለዚህ ጠባይ የራሱ ቃል አለው፤ ይሉኝታ ይባላል። ቃሉ ራሱ «ይሉኛል» ከማለት የወጣ ነው፤ ባዩ ማን እንደ ሆነ ግን አይናገርም። ይሉኝታ ሰውን ከነውር የሚጠብቅበት ጊዜ ስላለ፥ ይሉኝታ ቢስ መባል በሰው ዘንድ ከባድ ስድብ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. በታተመው «አዲስ ዓለም» በተባለው መጽሐፋቸው ሌላውን ፊቱን አሳይተዋል። ባውሮፓ ተምሮ የተመለሰው አወቀ ስለ ለቅሶ፥ ስለ ተዝካርና ስለ ሠርግ ልማድ ከዘመዶቹ ጋር የሚጋጨው፥ ያ ሁሉ ወጪ የሚወጣው ለሟች ነፍስና ለሙሽሮች ጥቅም ነው ወይስ ለተመልካች አፍ በሚል ነው። ኅሩይ ከኢብሰን ይልቅ ለዘመዶቹ ይራራሉ፤ ለዚህም ነው መጽሐፉን ያገሬው ሰው ሳይቈጣ ሊያነበው የሚችለው።

ከኢብሰን ድርሰት 70 ዓመት ያህል ዘግይቶ፥ ሰሎሞን አሽ የተባለ ባሜሪካ የሚያስተምር የሥነ ልቡና ሊቅ ይህንኑ ነገር በፈተና መረመረው፤ ውጤቱንም በ1951ና በ1956 ዓ.ም. አሳተመ። ለተሰበሰቡ ተማሪዎች አንድ መስመር ያሳያቸውና፥ ቀጥሎ ከሚያሳያቸው 3 መስመሮች ከፊተኛው ጋር የሚተካከለው የትኛው እንደ ሆነ ይጠይቃቸዋል፤ ሕፃን የማይስተው ጥያቄ ነው። ካንዱ ተማሪ በቀር የቀሩት ሁሉ አስቀድመው ተመካክረው ባንድ ቃል ስሕተቱን ይመልሳሉ። ያ አንዱ ተራው ሲደርስ ዓይኑ ባየውና ጆሮው በሰማው መካከል ተጨንቆ ይቆማል። ብቻቸውን ሲጠየቁ ከመቶ አንድ ጊዜ እንኳ የማይስቱት፥ በዚያ ጉባኤ ከ3 ጊዜ አንዱን ያህል ከብዙኃኑ ጋር ተሳሳቱ፤ ከ4 ሰዎች 3ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተሸንፈዋል። ልብ በሉ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ሥራ የሚያሳጣ የለም፥ መስኮት የሚሰብርም የለም። ኋላ ሲጠየቁ አንዳንዶቹ የገዛ ዓይናቸውን እንደ ተጠራጠሩ፥ ሌሎቹም ከሰው ተለይተው መታየትን እንደ ጠሉ ተናግረዋል።

ለኢብሰን ድርሰት ከዚህ የበለጠ የሚጠቅመው ግን የፈተናው ሁለተኛ ክፍል ነው። አሽ ከተማከሩት መካከል አንዱን ብቻ እውነቱን እንዲመልስ ባዘዘው ጊዜ፥ የተፈታኙ ስሕተት ወደ ሩብ ያህል ወረደ። ብዙኃኑ እንደ በፊቱ ብዙ ነው፤ የተጨመረው አንድ ባልንጀራ ብቻ ነው። ያ ባልንጀራ በመካከል ከድቶ ወደ ብዙኃኑ በተመለሰ ጊዜ ደግሞ ስሕተቱ እንደ ገና በዛ።

በዚህ ሚዛን ቢመዘን፥ ዶክተር ስቶክማን በመጨረሻ የሚመካበት አሳብ ይቀልላል። ከዓለም ሁሉ ብርቱ የሆነው ፍጹም ብቻውን የሚቆም ሰው ነው ይላል፤ መጋረጃውም በዚህ ቃል ላይ ይወርዳል፤ ተመልካቹም ያጨበጭባል። ጭብጨባው ግን ርካሽ ነው። እያንዳንዱ ተመልካች ራሱን በሐኪሙ ቦታ ያስቀምጣልና፥ በአከራዩ ቦታ የሚያስቀምጥ የለም፤ ከቴአትር ቤቱ ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲደርስ ግን በሩ ላይ የሚጠብቀው የሚፈረምበት ወረቀት ነው። ብቸኝነትን ያመሰገነ ድርሰት ጀግና ላልሆነው ሰው የሚሠራው ሥራ አይተውለትም፤ እንዲያውም ጀግና አይደለሁምና ልፈርም የሚያሰኝ ምክንያት ያቀብለዋል።

ኢብሰን ራሱ በቍጣው ሳያስተውል ሌላ መልስ ጽፏል። ካፒቴን ሆርስተር በመጀመሪያው ክፍል ስላገር ጕዳይ ተጠይቆ ስለዚህ ነገር አላውቅም ብሎ ዝም የሚል ሰው ነው። ንግግር አያደርግም፤ የሐኪሙ ትምህርት ገብቶት እንደ ሆነም አይታወቅም። አዳራሽ የሚሰጥ በጠፋ ጊዜ ቤቱን ከፈተ፤ በዚህም ምክንያት መርከቡን አጣ። መርከቡን ካጣ በኋላም ቤተሰቡ መጠጊያ ባጣ ጊዜ፥ ቤቴ ሰፊ ነውና ገብታችሁ ኑሩ ብሎ እንደ ገና ሰጠ። ሐኪሙ ልጆችን ሰብስቦ ለማስተማር ያሰበው «የሕዝብ ጠላት» በተባለበት በዚያው በሆርስተር ክፍል ነው። ብርቱ ሰው ብቻውን የሚቆም ነው ብሎ የተናገረውም ሚስቱና ልጆቹ ዙሪያውን ከበውት፥ የሚያድርበትንም ቤት ከዚያ ዝምተኛ ሰው እጅ ከተቀበለ በኋላ ነው።